በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት የአንቲባዮቲክ መድኃኒቶች አጠቃቀም

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ስትታመም ሁለት ስጋቶች በአንድነት ይገጥሟታል። አንደኛው ሕመሙ በራሷና በልጇ ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕመሙን ለማዳን የሚሰጣት መድኃኒት ልጇን ይጎዳብኛል የሚለው ፍርሃት ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ እናቶች የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳይወስዱ ይተዋሉ፤ ወይም ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው በመሐል ያቋርጣሉ። ሌሎች ደግሞ ከዚህ በፊት በቤት የተረፈን ወይም ለጎረቤት የታዘዘን እንክብል ያለ ምርመራ ይወስዳሉ። ሁለቱም መንገዶች እናትንም ልጅንም ለአደጋ ያጋልጣሉ።

በእርግዝና ወቅት አንቲባዮቲክ ሁሉ የተከለከለ አይደለም፤ ሁሉም የተፈቀደም አይደለም። ውሳኔው የሚወሰነው መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ፣ ለየትኛው ሕመም እንደታዘዘ፣ እርግዝናው በስንተኛው ወር ላይ እንደሚገኝ፣ እንዲሁም በምን ያህል መጠንና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ በማገናዘብ ነው። ይህ ጽሑፍ እናቶችና ቤተሰቦቻቸው ጉዳዩን ተረድተው ከጤና ባለሙያ ጋር በግልጽ እንዲመካከሩ ለማገዝ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የባለሙያን ምርመራና ትዕዛዝ የሚተካ አይደለም።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አንቲባዮቲክ በባክቴሪያ አማካይነት የሚመጡ ሕመሞችን የሚያክም መድኃኒት ነው። ጉንፋንንና ኢንፍሉዌንዛን የመሳሰሉ በቫይረስ የሚመጡ ሕመሞችን አያድንም። ወባም የሚመጣው በሌላ ዓይነት ተሕዋሲ በመሆኑ የራሱ መድኃኒት አለው። ስለዚህ ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖር ወይም ወደዚያ ተጉዛ የተመለሰች ነፍሰ ጡር ትኩሳት ሲሰማት አንቲባዮቲክ ገዝታ ከመጀመሯ በፊት የደም ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል። ወባ በእርግዝና ወቅት ሲዘገይ ለእናቲቱ ከባድ የደም ማነስን፣ ለፅንሱም ክብደት ማነስንና ሞትን ሊያስከትል ይችላል።

ያለ አስፈላጊነት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ጥቅም የሌለው ብቻ ሳይሆን፣ በሰውነት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ተቅማጥና የብልት ፈንገስ ሊያስከትልም ይችላል። ከዚህም በላይ ጎጂ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል። መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ በዓለም ዙሪያ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ በጥናት ተገምቷል። ይህ ችግር ለነፍሰ ጡሮችና ለጨቅላ ሕፃናት ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ምክንያቱም ለእነርሱ በደኅና ሊሰጡ የሚችሉ መድኃኒቶች ከመጀመሪያውም ጥቂት ናቸው።

ሕክምና ያላገኘ ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ጉዳት

ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ይልቅ ፅንሱን የሚጎዳው ያልታከመው ሕመም ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎችን ማንሣት ይቻላል።

የመጀመሪያው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በእርግዝና ወቅት የሽንት ቱቦዎች ይላላሉ፤ ማህፀንም እያደገ ሲሄድ ይጫናቸዋል። በዚህ ምክንያት ሽንት ቶሎ ስለማይወርድ ባክቴሪያ በቀላሉ ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትን ሊያጠቃ ይችላል። የኩላሊት ኢንፌክሽን ከፍተኛ ትኩሳትንና የደም መመረዝን ከማስከተሉም በላይ፣ ምጥ ያለ ጊዜው እንዲመጣ ሊያደርግ ይችላል። አንዳንድ ነፍሰ ጡሮች ምንም የማቃጠል ስሜት ሳይኖራቸው ባክቴሪያ በሽንታቸው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በሌላ ጊዜ ሕክምና የማያስፈልገው ይህ ሁኔታ በእርግዝና ወቅት ግን ይታከማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ የሰባት ቀን የአንቲባዮቲክ ሕክምናን ይመክራል። በእርግዝና ክትትል ወቅት የሽንት ምርመራ የሚደረገውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቂጥኝ ነው። ቂጥኝ ያለባት እናት ምንም የሕመም ምልክት ላይታይባት ይችላል። ሕክምና ካላገኘች ግን ሕመሙ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ አልፎ ፅንሱ እንዲጨነግፍ፣ ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድ፣ ወይም ከሕመሙ ጋር እንዲወለድ ያደርጋል። ይህን ሁሉ መከላከል የሚቻለው በጊዜ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። ሕመሙ የቅርብ ጊዜ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ የቆየ ከሆነ ወይም የቆይታው ጊዜ ካልታወቀ በየሳምንቱ ለሦስት ሳምንት ይሰጣል። ፔኒሲሊን ወደ ፅንሱ የሚያልፍ መሆኑ በዚህ ረገድ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም፤ እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ፅንሱንም ያክማልና። ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ግን በበቂ መጠን ወደ ፅንሱ ስለማያልፉ ሕፃኑን እንዳከሙት ተደርጎ አይቆጠርም። የትዳር አጋርም አብሮ መመርመርና መታከም አለበት፤ አለበለዚያ እናቲቱ ድና ስታበቃ ዳግም ልትያዝ ትችላለች።

ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ላይ የዋሉና በስፋት የሚታዘዙ መድኃኒቶች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት መድኃኒቶች ለብዙ ዓመታት ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጡ የቆዩ ናቸው። ባለሙያ ሲያዝዛቸው በአብዛኛው ለእናትም ለፅንስም ተስማሚ እንደሆኑ ይታመናል።

• የፔኒሲሊን ወገን የሆኑት፦ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊንና ቤንዛቲን ፔኒሲሊን።
• የሴፋሎስፖሪን ወገን የሆኑት፦ ሴፋሌክሲንና ሴፍትሪያክሶን።
• ኤሪትሮማይሲን፣ ኤስቶሌት ከሚባለው ዓይነት በስተቀር። ይህ ዓይነት የነፍሰ ጡርን ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል አይሰጥም።
• አዚትሮማይሲን።

እነዚህ መድኃኒቶች ተስማሚ ናቸው ማለት ያለ ትዕዛዝ ይወሰዱ ማለት አይደለም። ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ቀደም ሲል መድኃኒት ወስደው ሰውነታቸው ሽፍ ያለ፣ ፊታቸው ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠራቸው እናቶች ይህንኑ አስቀድመው መናገር ይገባቸዋል። በተጨማሪም በእርግዝና ወቅት የደም መጠን ስለሚጨምርና ኩላሊት መድኃኒትን ፈጥኖ ስለሚያስወግድ፣ የመድኃኒቱን መጠን መወሰን የባለሙያ ሥራ ነው። «ፅንሱን እንዳይጎዳ» በሚል የታዘዘውን መጠን በራስ ፈቃድ መቀነስ ሕመሙን ሳያድን ፅንሱን ለሕመሙም ለመድኃኒቱም ማጋለጥ ነው።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ወይም የማይመከሩ መድኃኒቶች

ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ሲወሰዱ በማደግ ላይ ባለ ጥርስና አጥንት ውስጥ ስለሚቀመጡ የልጁን ጥርስ እስከ መጨረሻው ሊያበልዙ ይችላሉ። በአጠቃላይ በእርግዝና ወቅት አይመከሩም።

ኮትሪሞክሳዞል። ፎሊክ አሲድ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ያውካል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር የአፈጣጠር ችግር ጋር ይያያዛል። በመውለጃ ሰሞን ሲወሰድ ደግሞ የጨቅላውን ቢጫነት ሊያባብስ ይችላል። ይሁን እንጂ ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝ እናቶች ተጓዳኝ ሕመሞችን ለመከላከል ሲታዘዝ ጥቅሙ ከስጋቱ ስለሚያመዝን፣ ነፍሰ ጡር ሆኛለሁ ብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

ናይትሮፉራንቶይን። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በእርግዝና ወቅትም የሚታዘዝ ነው። በመውለጃ ሰሞን ግን የጨቅላውን ቀይ የደም ሕዋሳት ሊሰብር ስለሚችል አይሰጥም። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ ለሚያንሳቸው እናቶችም አይሰጥም።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ኖርፍሎክሳሲን። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የመገጣጠሚያ ልምን መጉዳታቸው ስለታየ፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ለነፍሰ ጡር አይታዘዙም። ከባድ ሕመም ሲያጋጥምና ሌላ መድኃኒት በማይኖርበት ጊዜ ግን ሐኪም ጥቅሙን ከጉዳቱ መዝኖ ሊወስን ይችላል።

ስትሬፕቶማይሲንና ካናማይሲን። የፅንሱን የመስማት ችሎታ ሊጎዱ ይችላሉ። የእነዚሁ ወገን የሆነው ጄንታማይሲን የደም መመረዝን ለመሰለ ከባድ ሕመም በጤና ተቋም ውስጥ በክትትል ይሰጣል።

ክሎራምፌኒኮል። የጨቅላ ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ ስለማይችል በመውለጃ ሰሞን የተሰጠ እንደሆነ የሕፃኑን ልብና ትንፋሽ እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል።

ሜትሮኒዳዞል። ቀደም ሲል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዳይሰጥ ይመከር ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የአፈጣጠር ችግርን እንደሚያስከትል አላሳዩም። ስለዚህ በባለሙያ ሲታዘዝ መውሰድ ይቻላል።

የታይፎይድና የታይፈስ ሕክምና ሲታዘዝ

በአገራችን ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟቸው ወደ ጤና ተቋም ከሚሄዱ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ይዟችኋል ይባላሉ። ለታይፎይድ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለታይፈስ ደግሞ ዶክሲሳይክሊን በተለምዶ ይታዘዛሉ። ሁለቱም ከላይ እንደተገለጸው ለነፍሰ ጡር በመጀመሪያ ደረጃ የሚመረጡ አይደሉም። ስለዚህ እርግዝናዋ ገና በውጭ የማይታይ እናት ነፍሰ ጡር መሆኗን ሳትናገር ከቀረች ባለሙያው የማይስማማትን መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴትም እርግዝናዋን ገና ባታረጋግጥ እንኳ ይህንኑ መናገር ይኖርባታል። ለታይፎይድ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን አማራጭ ሆኖ ይገኛል።

ሳያውቁ መድኃኒቱን ለወሰዱ

አንዲት እናት እርግዝናዋን ከማወቋ በፊት ከማይመከሩት መድኃኒቶች አንዱን ወስዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲያጋጥም መደናገጥም፣ እርግዝናውን ስለ ማቋረጥ ማሰብም ተገቢ አይደለም። ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፅንሱ ጥርስ ገና መጠንከር ስላልጀመረ፣ በዚያን ጊዜ ለጥቂት ቀናት የተወሰደ ዶክሲሳይክሊን ጥርስን ያበልዛል ተብሎ አይጠበቅም። መደረግ ያለበት የመድኃኒቱን ስም፣ የተወሰደበትን ቀንና መጠን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ቀርቦ ማማከር ነው። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ለባለሙያው ሥራውን ያቀልለታል።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ያለባት ነፍሰ ጡር ሕክምናዋን እስከምትወልድ ማዘግየት የለባትም። በመደበኛው የስድስት ወር ሕክምና ውስጥ የሚሰጡት አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በእርግዝናም ሆነ በማጥባት ወቅት ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ስትሬፕቶማይሲን ግን አይሰጥም። ከአይሶኒያዚድ ጋር ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይታዘዛል። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ እንባንና ላብን ብርቱካናማ ሊያደርግ ስለሚችል ይህን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። በሌላ በኩል ይኸው መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጡና በክንድ ሥር የሚቀበሩ የእርግዝና መከላከያዎችን አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ሕክምናዋ ያልተጠናቀቀ እናት ስለ ሌላ አማራጭ ልትመካከር ይገባል።

በምጥና በወሊድ ወቅት

የሽርት ውሃ ምጥ ሳይጀምርና የመውለጃ ጊዜ ሳይደርስ ከፈሰሰ ባክቴሪያ ወደ ማህፀን የሚገባበት በር ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ኤሪትሮማይሲን እንዲሰጥ ይመከራል። አሞክሳሲሊንን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ያጣመረው መድኃኒት (ኦግመንቲን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው) ግን በዚህ ሁኔታ ሲሰጥ ያለ ጊዜው በሚወለደው ሕፃን ላይ ከባድ የአንጀት ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል አይመከርም። በሌላ ጊዜ የሚታዘዝ መድኃኒት በዚህ ወቅት ሊጎዳ መቻሉ በራስ ውሳኔ መድኃኒት መውሰድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳያል።

በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች ቆዳ ከመቀደዱ በፊት አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ይህም የቁስልና የማህፀን ኢንፌክሽንን በእጅጉ ይቀንሳል።

በጡት ማጥባት ወቅት

ሕፃናት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠቡ ይመከራል። አንቲባዮቲክ መውሰድ በአብዛኛው ይህን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። አብዛኞቹ መድኃኒቶች ወደ ወተት የሚያልፉት በጣም በትንሽ መጠን ነው። የፔኒሲሊንና የሴፋሎስፖሪን ወገን የሆኑት፣ እንዲሁም ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ለሚያጠቡ እናቶች በስፋት ይታዘዛሉ።

ሆኖም የሚከተሉትን ማስተዋል ያስፈልጋል።

• ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ከአንድ ወር በታች የሆነ፣ የታመመ ወይም ቆዳው ቢጫ የሆነ ከሆነ ለባለሙያው መንገር ይገባል። በእነዚህ ሕፃናት እናቶች ዘንድ ኮትሪሞክሳዞልና ናይትሮፉራንቶይን አይመረጡም።
• ክሎራምፌኒኮል ለምታጠባ እናት አይመከርም።
• ዶክሲሳይክሊን ለአጭር ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ግን አይመከርም።
• ሜትሮኒዳዞል የወተቱን ጣዕም ሊያመርር ይችላል። በከፍተኛ መጠን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ከሆነ ባለሙያው ለተወሰነ ሰዓት ማጥባት እንዲቆም ሊያዝ ይችላል። በዚያ ሰዓት ወተቱን አልቦ ማስወገድ ጡት እንዳይደርቅ ይረዳል።
• እናት መድኃኒት በምትወስድበት ጊዜ ሕፃኑ ላይ የሰገራ መቅጠን፣ ሽፍታ ወይም በአፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን ሊታይ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቀላል ቢሆንም ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው።

ጡት ሲያብጥ፣ ሲቀላና ሲያቃጥል፣ ትኩሳትም ሲኖር ብዙ እናቶች በታመመው ጡት ማጥባት ሕፃኑን ይጎዳል ብለው ያቆማሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ወተቱ በጡት ውስጥ ሲጠራቀም ሕመሙ ይባባሳል፤ መግልም ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ማጥባቱን መቀጠል፣ ሕመሙ ካልፈቀደ በእጅ ማለብ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ካልተሻለም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ክሎክሳሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ከታዘዘ እያጠቡ መውሰድ ይቻላል። መግል ከቋጠረ ግን መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ መግሉ በባለሙያ መውጣት አለበት።

ስለ ጨቅላ ሕፃን የዓይን ቅባት

ሕፃን እንደተወለደ በዓይኑ ላይ የሚደረገው የቴትራሳይክሊን ቅባት አንዳንድ ወላጆችን ያሳስባል። ይህ ቅባት በወሊድ ጊዜ ከእናት ሊተላለፍ የሚችልን፣ ዓይን የሚያጠፋ ኢንፌክሽን ለመከላከል የሚሰጥ ነው። በዓይን ላይ የሚደረገው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከሚዋጠው ቴትራሳይክሊን ጋር አይመሳሰልም፤ ጥርስንም አይጎዳም። በትራኮማ መከላከል ዘመቻ ወቅት መድኃኒት ሲታደልም ነፍሰ ጡር የሆኑ እናቶች ይህንኑ ለአዳዩ ባለሙያ ማሳወቅ ይገባቸዋል።

መድኃኒት ሲታዘዝልዎ

• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም እሆናለሁ ብለው ከጠረጠሩ፣ የሚያጠቡም ከሆነ የሕፃኑን ዕድሜ ጭምር፣ ለሚመረምርዎም ለፋርማሲ ባለሙያውም ይንገሩ።
• የማይስማማዎትን መድኃኒት፣ በአሁኑ ወቅት የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት፣ ባህላዊ መድኃኒትም ቢሆን፣ አይደብቁ።
• መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘ፣ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን ይጠይቁ።
• ቢሻልዎትም የታዘዘውን ቀን ሳይጨርሱ አያቋርጡ። ካልተስማማዎት ወደ ባለሙያው ተመልሰው አማራጭ ይጠይቁ።
• የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ፤ ለሌላ ሰውም አይስጡ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይግዙ።

በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች እናት ከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ መጥፎ ሽታ ያለው የማህፀን ፈሳሽ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ወይም የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየባት ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ሰውነቷ ከሽፍታ ጋር ካሳከካት፣ ፊቷና ከንፈሯ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዛትም እንዲሁ ነው። የሚጠባ ሕፃን መጥባት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ካተኮሰው ወይም ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን መታየት ይኖርበታል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ብዙዎቹ ኢንፌክሽኖች ከመባባሳቸው በፊት በእርግዝና ክትትል ወቅት ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ምክር አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዲሆን አሳስቧል። በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ክትትሉን ቀድሞ መጀመር፣ የሽንትና የደም ምርመራዎችን በጊዜ ማድረግ፣ የታዘዘን መድኃኒት በአግባቡ መጨረስ፣ እናትም ልጅም ከሕመሙም ከመድኃኒቱ ጉዳትም እንዲጠበቁ ያስችላል።